ሠራተኞች ለአሠሪያቸው ያቆሙት ቅስት
የጫማ ሠሪው የጆርጅ ጆንሰን ሕይወት

ውድ አንባቢ፣ ለንጉሥና ለጦር አዝማች የቆመ ሐውልት ብዙ አይተዋል፤ ስለ ድል ቅስትም ሳይሰሙ አልቀሩም። ሠራተኛ ከገዛ ደመወዙ አዋጥቶ ለአሠሪው ያቆመው ቅስት ግን ሰምተው ያውቃሉ? ዛሬ የምናወጋዎ እንዲህ ያለ ቅስት ስለቆመለት ሰው ነው። ስሙ ጆርጅ ፍራንሲስ ጆንሰን ይባላል፤ ሥራው ጫማ ማምረት ነበር። ቅስቶቹ ሁለት ሲሆኑ የሚገኙት በአሜሪካ፣ ከታላቁ የኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሳስኩዌሃና ወንዝ ሸለቆ ባሉ ሁለት አነስተኛ ከተሞች ነው። በ1920 ቆሙ፤ ዛሬም መኪናው ሁሉ በሥራቸው ያልፋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚያነቧቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንሰን የተወለደው ጥቅምት ወር 1857፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ሚልፎርድ በምትባል ከተማ ነው። ያ አገር በዚያ ዘመን የጫማ ሥራ አገር ነበር። ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን ትቶ ቡት ጫማ ከሚሠራበት ፋብሪካ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ሙያውን ያገኘው በእጁ ነው፤ ቆዳው እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚሰፋ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ እንዴት እንደሚወጠር ከሥር ጀምሮ ተማረ። ስለ ልጅነቱ ከሚወሱት ነገሮች አንዱን እዚህ ላይ ልብ ይበሉልን፤ ኋላ ያስፈልገናል። እዚህ እስራኤል ልጆቻችን ካሩሴላ የሚሉትን፣ የእንጨት ፈረሶች በሙዚቃ የሚሽከረከሩበትን መጫወቻ ለመሳፈር ሳንቲም ስላልነበረው ሌሎች ልጆች ሲጫወቱ ቆሞ ያይ ነበር ይባላል።

በ1881 ጆንሰን ወደ ቢንግሃምተን ከተማ መጣና ሌስተር በሚባሉ ወንድማማቾች የጫማ ፋብሪካ ካቦ ሆኖ ተቀጠረ። ወንድማማቾቹ ትልቅ ሐሳብ ነበራቸው፤ ፋብሪካውን ከከተማው አውጥተው በስተምዕራብ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ ተከሉትና ዙሪያውን መንደር ቆረቆሩ፤ መንደሩንም በስማቸው ሌስተርሻየር አሉት። ነገር ግን ዕዳው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ፋብሪካው ከባለ ዕዳዎቹ በቦስተን የቆዳ ነጋዴ ለነበረው ለሄንሪ ኤንዲኮት እጅ ገባ። ኤንዲኮት ጫማ ማምረት ሥራው አልነበረም፤ የሚፈልገው ገንዘቡን ማዳን ነበር። ካቦው ጆንሰን ግን ቦታውን አጥብቆ ያውቀው ስለነበር፣ ሥራው በዚህና በዚህ መንገድ ቢደራጅ፣ ሠራተኛውም በሠራው ቁጥር ልክ ቢከፈለው ያተርፋል ብሎ አሳመነው። ኃላፊነቱ ተሰጠው፣ ፋብሪካውም አተረፈ።

በ1899 ጆንሰን የኩባንያውን ግማሽ ልግዛ አለ። ዋጋው 150,000 ዶላር ነበር፤ እሱ ደግሞ ይህን ገንዘብ በሕልሙም አላየውም። ኤንዲኮት የዕዳ ወረቀት አስፈርሞት ግማሹን ሰጠው፤ ጆንሰንም ዕዳውን ከሚያገኘው የትርፍ ድርሻ ከፈለ። እንግዲህ ያስተውሉ፤ ይህ ሰው ባለጠጋ የሆነው ሌላ ሰው ባሳደረበት እምነት ነው። በኋላ ዘመኑ ከሠራተኞቹ ጋር ስለ ነበረው ነገር ሲያነቡ ይህችን የዕዳ ወረቀት አይርሷት።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ሰደድ እሳት ሰፋ። ከሌስተርሻየር በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የእርሻ መሬት ላይ፣ በ1901 አዲስ ከተማ መቆርቆር ተጀመረ፤ በነጋዴውም ስም ኤንዲኮት ተባለ። እዚያ የቆዳ ማልፊያ ፋብሪካዎች ተሠሩ። ጥሬው ቆዳ በአንድ በኩል ይገባል፣ ያለቀለት ጫማ በሌላው በኩል በካርቶን ታሽጎ ይወጣል። የቆዳ ማልፊያ ሽታና ድካም ምን እንደሆነ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በአገራችን ፋቂ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ የኖረ መሆኑን የማያውቅ የለም። በሳስኩዌሃና ሸለቆ ግን ከዚያ ሽታ መካከል ከተማ ተነሣ።

ሥራው ሰው ይፈልግ ስለነበር ሰው ከየትም መጣ። ጣሊያኖች፣ ስሎቫኮች፣ ፖሎኞች፣ ዩክሬናውያን፣ ሩሲያውያን በመርከብ ኒው ዮርክ ይወርዱና በባቡር ወደዚያ ሸለቆ ይጓዙ ነበር። በአካባቢው እስከ ዛሬ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ከባቡሩ የሚወርደው ሰው ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው የኤንዲኮት ጆንሰን ፋብሪካ መንገድ በየት በኩል እንደሆነ መጠየቂያ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነበር ይባላል። አዲስ አገር ገብቶ ቋንቋው ያልተፈታለት ሰው መጀመሪያ የሚያጠናው የትኛውን ቃል እንደሆነ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ያ ዘመን ለመጤዎች ደግ ዘመን አልነበረም። በ1924 አሜሪካ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ በሚመጡት ላይ በሯን የሚያጠብ ሕግ አወጣች፤ ካቶሊኩን፣ አይሁዱንና ጥቁሩን የሚጠላው ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ማኅበርም በ1920ዎቹ የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ጽሕፈት ቤቱን ያደረገው እዚያው ቢንግሃምተን ውስጥ ነበር። የጆንሰን ፋብሪካዎች በር ግን ለመጤው ክፍት ነበር። ዛሬ በዚያ ሸለቆ ጉልላታቸው በወርቅ ቀለም የሚያብረቀርቅ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ቢያዩ፣ የሠሯቸው እነዚያ ጫማ ሠሪዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጆንሰን ለሠራተኛው ምን አደረገለት? በ1916 የሥራ ቀኑን 8 ሰዓት አደረገ። የአሜሪካ መንግሥት በሕግ የሥራ ሰዓትን ለመወሰን እስከ 1938 ዘግይቷል፤ ስለዚህ ይህ ሰው ከሕጉ 22 ዓመት ቀድሟል ማለት ነው። ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ ሐኪምና መድኃኒት ያለ ክፍያ አቀረበ። ምግብ በርካሽ የሚበላበት አዳራሽ ከፈተ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ሠራ። ኩባንያው መሬት ገዝቶ ቤቶች ያሠራና ለሠራተኞቹ በወጣበት ዋጋ ያለ ትርፍ ይሸጥላቸው ነበር፤ ሠራተኛውም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየከፈለ የቤቱ ባለቤት ይሆናል። ለማሽካንታ ባንክ ቤት ደጅ የጠና ሰው የዚህን ትርጉም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በ1919 ደግሞ የትርፍ ክፍፍል ተጀመረ። ባለ አክሲዮኖቹ የተወሰነላቸውን ከወሰዱ በኋላ ከሚተርፈው ትርፍ ሠራተኞቹም ድርሻ ያገኙ ጀመር።

ይህን ሁሉ ያደረገው ስለ ጽድቅ ብቻ ነው ብለን አንነግርዎትም። ጆንሰን ነጋዴ ነበር። በ1919 በመላ አሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ ያቆመበት ዓመት ነበር፤ ብረት ፋብሪካው፣ የከሰል ማዕድኑ ሁሉ ይናጥ ነበር። በጆንሰን ከተሞች ግን ሥራው ቀጠለ። ቤት ያለው፣ ልጁን ሐኪም ያየለት፣ ከትርፉ የቀመሰ ሠራተኛ ሥራ አያቆምም፤ ጫማውንም በደንብ ይሰፋል ብሎ ያምን ነበር፤ እምነቱንም አልደበቀም። ቢሆንም የእሱ ስሌት ከሌሎቹ ስሌት ይለያል። ሌሎቹ አሠሪዎች ትርፍን የሚፈልጉት ደመወዝ በመቀነስና ዘበኛ በመቅጠር ነበር። ጆንሰን በሠራተኞቹ መካከል ይኖር ነበር፤ በፋብሪካው ውስጥ ይመላለሳል፤ ሠራተኛውም ጌታዬ ሳይሆን በስሙና በመካከለኛ ስሙ ፊደል ጆርጅ ኤፍ እያለ ይጠራዋል። ጫማ በእጁ የሠራ ሰው ስለሆነ መርፌው የት ላይ እንደሚወጋ ያውቃል።

የዚህ ሁሉ አሠራር መጠሪያ ቅን ውል የሚል ነበር። ስያሜው ከጆንሰን የመነጨ አይደለም፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በፖለቲካው መድረክ አስቀድመው የታወቁበት ነው። በጫማ ፋብሪካው ግን ትርጉሙ ቀላል ነበር፤ አሠሪው ሠራተኛውን አይበድልም፣ ሠራተኛውም ሥራውን አይበድልም።

ሰዉ ምላሹን መስጠት የጀመረው በስም ነው። በ1916 ሌስተርሻየር የሚለው ስም ቀርቶ ከተማዋ ጆንሰን ሲቲ ተባለች። በ1920 ደግሞ ሠራተኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ሁለት ቅስት አቆሙ፤ አንዱን ከቢንግሃምተን ወደ ጆንሰን ሲቲ በሚገባው ዋና መንገድ ላይ፣ ሁለተኛውን በዚያው መንገድ ወደ ኤንዲኮት መግቢያ ላይ። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ቆሞ በላይ የተጋጠመ ቅስት ነው፤ ከአናቱ ላይም ይህ ስፍራ የቅን ውል ቤት መሆኑ ተጽፎበታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቅስት የሚሠራው ለድል አድራጊ ነው፤ በሥሩም የሚያልፈው ድል ያደረገው ሠራዊት ነው። በእነዚህ ቅስቶች ሥር በየማለዳው የሚያልፈው ግን ምሳውን የያዘ ጫማ ሰፊ ነበር። በማኅበር ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች እናውቀዋለን፤ የምስጋና ሰሌዳ ይሰቀል ሲባል አንዱ ውለታ በላ አንሁን ይላል፣ ሌላው ደግሞ ለሥራችን ዋጋ ተከፈለን እንጂ ምን ተሰጠን ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የጆንሰንን ሠራተኞች ተላላዎች ነበሩ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ የገዛ ላባቸውን ትርፍ በስጦታ መልክ ሲመለስላቸው አመሰገኑ ይላሉ። እኛ እንዲህ አይመስለንም። እነዚህ ሰዎች ቅስቱን ያቆሙት ሰውየው ቤት ውስጥ ሳይሆን በአደባባይ፣ በዋናው መንገድ ላይ ነው። ቃሉን ከራሱ ላይ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆንሰንም ሆነ ልጁ፣ ወደ ከተማው በገባ ቁጥር የሚያልፈው በገዛ ቃሉ ሥር ነው። ምስጋና ብቻ ሳይሆን ማሰሪያም ነበር ማለት ይቻላል።

ማሰሪያው ግን ምን ያህል ይይዛል? ውል የሚለው ቃል በቅስት ላይ ተጻፈ እንጂ በሕግ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ጆንሰን ለሠራተኛው ብዙ ነገር ሰጠ፤ የሚሰጠውን ነገር የሚወስነው ግን ራሱ ጆንሰን ነበር። የሠራተኛ ማኅበር፣ እኛ አገር ሂስታድሩት እንደምንለው ያለ ነገር፣ በመካከሉ እንዲገባ አይፈልግም ነበር። አባት ባለበት ቤት ጠበቃ ምን ይሠራል የሚል ዓይነት አስተሳሰብ ነበረው። አንባቢ ሆይ፣ ሲወደድ የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ፈረሶቹ ቃል ገብተን ነበር። ጆንሰን መናፈሻ፣ መዋኛ፣ ለሠራተኞች የጎልፍ ሜዳ ሳይቀር አሠርቷል፤ ከሁሉም ግን ሕዝቡ የማይረሳለት ካሩሴሎቹን ነው። ከ1919 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት በቢንግሃምተን፣ በጆንሰን ሲቲና በኤንዲኮት አካባቢ ላሉ መናፈሻዎች ስድስት ካሩሴላ ሰጠ። ፈረሶቹ በእጅ ከእንጨት የተቀረጹና ቀለም የተቀቡ ናቸው። ሲሰጥ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከልጅ ገንዘብ እንዳይጠየቅ። ቆሞ ሲያይ የነበረው ልጅ ካደገ በኋላ የጻፈው ሕግ ይህ ነው። ስለ ቤቶቹና ስለ ሐኪሞቹ ስሌት ነው ብለን ልንከራከር እንችላለን፤ ስለ ፈረሶቹ ግን ምን ብለን እንከራከራለን? እርግጥ ደስተኛ ልጅ ሲያድግ ጥሩ ሠራተኛ ይሆናል ብሎ ያስብ ነበር የሚሉ አይጠፉም።

በ1920ዎቹ ኩባንያው ከአገሪቱ ታላላቅ የጫማ አምራቾች አንዱ ሆነ፤ ሠራተኞቹ 20,000 ያህል ደረሱ። ለአሜሪካ ሠራዊት በመጀመሪያውም በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ ጫማ ያቀረበው ይኸው ኩባንያ ነው። ከ1929 በኋላ የመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት ግን ቅን ውሉን ፈተነው። ጫማ የሚገዛ ጠፋ። ኩባንያው ሠራተኛን በጅምላ ከማባረር ይልቅ ያለውን ሥራ ለሁሉም ማካፈልን መረጠ፤ ሰው ሁሉ ጥቂት ሰዓት ይሠራል፣ ጥቂት ደመወዝ ይወስዳል። ይህ መከራውን አቀለለው፤ ችግሩን ግን አላስቀረውም። ስጦታ ከትርፍ የሚመጣ ከሆነ ትርፉ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ሰዉ ያኔ አየ።

በ1935 የአሜሪካ ሠራተኛ በማኅበር የመደራጀት መብቱ በሕግ ተጠበቀለት። በዚህም መሠረት ጥር 1940 በኤንዲኮት ጆንሰን ፋብሪካዎች ምርጫ ተደረገ። በአገሪቱ ያሉት ሁለት ታላላቅ የሠራተኛ ማኅበራት ተወዳደሩ፤ ሦስተኛው ምርጫ ማኅበር አያስፈልገንም የሚል ነበር። ጆንሰን ያኔ 82 ዓመት ሞልቶታል። ድምፁ ሲቆጠር እጅግ ከፍተኛ የሆነው ብዛት ማኅበር አያስፈልገንም አለ። ሽማግሌው እጅግ ደስ አለው። እንዲህ የመረጡት በፍርሃት ነው ወይስ በፍቅር? ሁለቱም ነበሩበት ብንል ከእውነቱ የምንርቅ አይመስለንም። ከአሠሪው በገዛው ቤት የሚኖር፣ ሚስቱ በአሠሪው ሐኪም የወለደች፣ ወንድሙና ልጁ እዚያው ፋብሪካ የሚሠሩ ሰው ለአሠሪው እንቢ ለማለት አፉ ይከብደዋል። ይህ ዱላ የሌለበት ግዴታ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚህ ሰዎች ሌላውን ዓለም ያዩ ነበሩ፤ በየማዕድኑ ቦታ በሥራ ማቆም ምክንያት የተተኮሰበት ዘመድ ያላቸው ነበሩ። አወዳድረው የመረጡ መሆናቸውን መካድ አይገባም።

ጆንሰን ኅዳር 28 ቀን 1948 በ91 ዓመቱ አረፈ።

ሰውየው ካለፈ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንነግርዎታለን። ፋብሪካዎቹ አርጅተው ነበር፤ ከውጭ አገር በርካሽ የሚገባው ጫማ እየበዛ ሄደ፤ ኩባንያው ቀስ በቀስ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ጆርጅ ኤፍን አያውቁትም፤ ቅስቱንም ያቆመው ሌላ ትውልድ ነው። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ የቆዳ ማልፊያዎቹም ጸጥ አሉ። ሐኪሙ ሲቀር፣ ርካሹ ምግብ ሲቀር ሠራተኛው ይዞ የሚከራከርበት ወረቀት አልነበረውም። በዚያው በኤንዲኮት ያደገው የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ለብዙ ዓመት የሰዉን ልጆች ቀጥሮ አኖረ፤ እሱም በ2002 ፋብሪካውን ሸጦ ወጣ። ሸለቆው እስከ ዛሬ ከዚህ ጉዳት ሙሉ በሙሉ አላገገመም።

በወጣበት ዋጋ የተሸጡት ቤቶች ግን በሰዉ እጅ ቀሩ። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ። ሐኪሙና የትርፍ ድርሻው የአሠሪው ፈቃድ ስለነበሩ ከአሠሪው ጋር ሄዱ፤ ቤቱ ግን በስም የተጻፈ፣ ለልጅ የሚተላለፍ ነበርና ማንም ሊወስደው አልቻለም። የቀራጩ የልጅ ልጅ፣ የሰፊዋ የልጅ ልጅ አያቱ ከፍሎ በጨረሰው ቤት የሚኖርባቸው መንገዶች አሉ።

ወደዚያ አገር የሚሄዱ ወይም ዘመድ ያለዎት ከሆነ፣ ከቢንግሃምተን ተነሥተው በዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ይንዱ። መጀመሪያ የጆንሰን ሲቲውን ቅስት ያገኛሉ፤ ፍጥነትዎን ቀነስ አድርገው ከአናቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ሁለተኛው ኤንዲኮት ላይ ይጠብቅዎታል። ጊዜው በጋ ከሆነና ልጆች ከያዙ ወደ መናፈሻዎቹ ጎራ ይበሉ። ስድስቱም ካሩሴሎች አሉ። ገንዘብ አሁንም አይጠየቅም፤ መግቢያው ከመናፈሻው አንድ ቁራጭ ቆሻሻ አንሥቶ መጣያው ውስጥ መጣል ነው።